የለንደኑ መስኮትና የስደተኛው ልማድ



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ አገር ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ትዳር ላወጋችሁ ነው። «ይህ ሰውዬ ፖለቲካውን ትቶ የጋብቻ አማካሪ ሆነ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አልሆንኩም። ጉዳዩ ሲገላለጥ ፖለቲካ፣ ያውም የኛው የስደተኞቹ ፖለቲካ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከለንደን አንዲት አንባቢ ጻፈችልኝ። ከምርጫ 97 ማግሥት በሱዳን በኩል ከአገር የወጣች፣ እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቃ የተፈቀደላት፣ ዛሬ የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘች እኅታችን ናት። ባለቤቷ ሜሪላንድ የሚኖር፣ አሜሪካዊ ዜግነት ያለው ወገናችን ነው። ከተጋቡ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን የጋብቻ ቪዛ ቃለ መጠይቋ ቀርቦ ቀን እየቆጠረች ነው። «ጋሼ» ትላለች በደብዳቤዋ፣ «ግማሹ ሰው የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዘሽ ምን ያስጨንቅሻል፣ ለደንቡ ያህል ነው ይለኛል። ግማሹ ደግሞ መዋጮ ስለከፈልሽበት ድርጅትና በብዕር ስም ስለምትጽፊው ነገር ትንፍሽ እንዳትዪ ይለኛል። የቱን ልስማ?»

የመጀመሪያው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ትዳር የሚያፈርስ ምክር ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምጽፈው ሕጉ በግልጽ የሚለውንና በመካከላችን ሲሠራ የማየውን ነው። ይህች እኅት ብቻዋን ስላልሆነች ደግሞ መልሱን በዚህ ዓምድ ማውጣት መረጥኩ።

ፓስፖርቱ የሚሠራውና የማይሠራው

የእንግሊዝ ፓስፖርት ዋጋ የለውም አልልም። ያዢው ለጉብኝት ሲሆን ያለ ቪዛ፣ ኢስታ በሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ አሜሪካ ገብቶ እስከ 90 ቀን ይቆያል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የ12 አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ አዋጅ ሲያወጡ ከኛ አካባቢ ኤርትራ፣ ሱዳንና ሶማሊያ ነበሩበት፤ ባልታገደ አገር ፓስፖርት የሚጓዙ ጥምር ዜጎች ግን ከእገዳው ውጭ ተደረጉ። አስመራ ተወልዶ የእንግሊዝ ዜጋ የሆነና አስመራ ተወልዶ የኤርትራ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አዋጅ ሁለት ዕጣ ደረሳቸው ማለት ነው። ፓስፖርት ይህን ያህል ይሠራል።

ለኑሮ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የጋብቻ ቪዛ የሚጠይቅ እንግሊዛዊ በማንቸስተር ከእናት አያቱ ጀምሮ ቢወለድም፣ ጎንደር ተወልዶ ዜግነቱን በኋላ ቢያገኝም፣ የሚያልፍበት በር አንድ ነው። ኢስታ እዚህ ላይ አይረዳም። እንዲያውም «በኢስታ ነይና እዚሁ እንጨርሰዋለን» የሚል ባል ሚስቱን ለአደጋ ያጋልጣታል። ለመኖር አቅዶ «ለጉብኝት ነው የመጣሁት» ብሎ ለድንበር ሹም መናገር የሐሰት ቃል ነው። የሐሰት ቃል ምን እንደሚያስከትል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፋይሉ ለንደን እስኪደርስ

ብዙ ሰው ሁሉም ነገር የሚወሰነው በቃለ መጠይቁ ቀን ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሥራው አብዛኛው ከዚያ በፊት ያለቀ ነው። መጀመሪያ አሜሪካዊው ባል ወይም ሚስት አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ታሪፍ ክፍያው በኢንተርኔት 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ሲፈቀድ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። እዚያ 325 ዶላር የቪዛ፣ 120 ዶላር የዋስትናው ሰነድ መመርመሪያ ይከፈላል፤ ዲኤስ-260 የተባለው ረጅም ቅጽ ይሞላል፤ ሰነዶች ይላካሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የለንደኑ ቀጠሮ የሚሰጠው። ግላስጎው ብትኖሩም ቤልፋስት፣ የስደተኛ ቪዛ ጉዳይ የሚታየው ለንደን ነው። ኤምባሲው እ.ኤ.አ. በ2018 ከድሮው ግሮቭነር አደባባይ ለቆ ከቴምስ ወንዝ በስተደቡብ ናይን ኤልምስ ከተባለው ሠፈር ገብቷል።

ከቀጠሮው በፊት ኤምባሲው በመረጠው ሐኪም ዘንድ ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው። የራሳችሁ ሐኪም ወረቀት አይሠራም። የፖሊስ ማስረጃም አለ። የእንግሊዙን «አክሮ» የተባለው መሥሪያ ቤት ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ጊዜው ያለፈበትን ጥፋት እንዳልነበረ ይቆጥረዋል፤ የአሜሪካ የቪዛ ሕግ ግን ይህን ይቅርታ አያውቀውም። በሰልፍ ላይ ታስራችሁ በማስጠንቀቂያ የተለቀቃችሁ ብትሆኑ እንኳ ቅጹ ሲጠይቅ መናገር አለባችሁ።

ለኛ ሰው የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ከ16 ዓመት ዕድሜው በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በኖረበት በሌላ አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ይህም ማለት ከኢትዮጵያ ፖሊስ ሸሽታ የወጣች ሴት «ወንጀለኛ አይደለችም» የሚል ወረቀት ከዚያው ፖሊስ እንድታመጣ ትጠየቃለች ማለት ነው። ካርቱም ከዓመት በላይ ቆይታ ከነበረም፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ካተራመሳት አገር ማስረጃ ማሰባሰብ ይጠበቅባታል። ማግኘት ካልተቻለ መፍትሔው ዝም ማለት አይደለም። ለምን እንዳልተቻለ፣ ምን ሙከራ እንደተደረገ በዝርዝር ጽፎ፣ የጥገኝነቱን ማስረጃ አያይዞ ማቅረብ ነው። ውሳኔው የሹሙ ነው፤ ምክንያቱን በወረቀት ያላገኘ ሹም ግን የሚወስንበት ነገር የለውም።

የስምና የዕድሜ ጉዳይም አለ። በኛ ባህል ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፣ የአባት ስምም የቤተሰብ ስም አይደለም። በስደት መንገድ ላይ ደግሞ ስሙ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈ፣ የልደት ቀኑ ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲዞር ሰባት ስምንት ዓመት የተዛባበት ስንቱ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም። ግን ቀድሞ በአንድ ገጽ ማብራሪያ ካልተጻፈ፣ መስኮቱ ፊት ተቁሞ ሲብራራ የተፈጠረ ታሪክ ይመስላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለ አበው!

መስኮቱ ፊት

በቃለ መጠይቁ ቀን ባልየው እንዲገኝ ሕጉ አያስገድድም። አመልካቿ ብቻዋን ትቀርባለች፣ አሻራ ትሰጣለች፣ ቀኝ እጇን አንሥታ እውነት ለመናገር ትምላለች። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። የት ተዋወቃችሁ? መቼ ተጋባችሁ? ሠርጉ ላይ ማን ነበረ? ከዚህ በፊት ያገባ ሰው አለ? እሱ ምን ይሠራል? የት ትኖራላችሁ?

እነዚህን ጥያቄዎች በቃል የሚያስጠኑ «ጉዳይ አዋቂዎች» በየከተማው አሉ። ከነሱ ራቁ። ሹሙ የሚፈልገው የጠራ ንግግር አይደለም፤ ከፋይሉ ጋር የሚገጥም ሕይወት ነው። በሽማግሌ የተጋባችሁ ከሆነ በሽማግሌ ነው በሉ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ ተጋብታችሁ በማዘጋጃ ቤት ያስመዘገባችሁት ዘግይቶ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ተናገሩ። የፍቅር ዘመን ፎቶግራፍ የለንም ብላችሁ አታፍሩ፤ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የተላላካችሁት ገንዘብ፣ የየዕለቱ የስልክ ጥሪ መዝገብ ከፎቶግራፍ የበለጠ ይመሰክራል። ያላስታወሳችሁትን «አላስታውስም» ማለት ነውር የለውም።

ሹሙ ጠርጣራ የሆነበት ምክንያት አለው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የጋብቻ ማጭበርበርን የሚመለከት ሕግ አውጥቷል። ሲገቡ ጋብቻቸው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰዎች የሚያገኙት ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ የሆነው በዚህ ሕግ ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት አመልክተው ሁኔታውን ያስነሣሉ። ለወረቀት ሲል መጋባቱ የተረጋገጠበት ሰው ደግሞ በኋላ በእውነተኛ ፍቅር ቢያገባም ማመልከቻው አይፈቀድለትም። «ለወንድሜ ልጅ ወረቀት ብቻ ፈርሚለት» የምትሉ ወገኖች ይህን ልብ በሉ። ልጁን ለዘለዓለም እያዘጋችሁበት ነው።

ዝምታ ያሳደገን ትውልድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ በዝምታ ያደግን ትውልድ ነን። ለቀበሌ ሊቀመንበር እውነት መናገር ሰው የሚያስበላ ነበር። እናቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ አሳደጉን። ከዚያም ደኅንነቱ፣ ከዚያም የሱዳን ድንበር፣ ከዚያም የጥገኝነት ቢሮ። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ፊት የተማርነው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ተናገር፣ የሚያድንህን ተናገር። ይህ ልማድ ብዙዎቻችንን አድኖናል፤ አልንቀውም። ችግሩ ጠረጴዛው ሲለወጥ ልማዱ አለመለወጡ ነው።

ዲኤስ-260 ምን እንደሚጠይቅ ተመልከቱ። ከዚህ በፊት የተጠራችሁባቸውን ስሞች ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ባለፉት አምስት ዓመታት በማኅበራዊ መገናኛ የተጠቀማችሁባቸውን መለያ ስሞች ይጠይቃል። በብዕር ስም ለምንጽፍ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። የትኞቹ ማኅበራት አባል እንደሆናችሁ፣ ገንዘብ እንዳዋጣችሁ፣ በታጣቂ ወይም በሽምቅ ተዋጊ ቡድን ውስጥ እንደነበራችሁ ይጠይቃል። የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነትንም ይጠይቃል።

ከቀላሉ ልጀምር። ኢሠፓ አባል የነበረ ሰው አለ እንበል። ሕጉ የኮሚኒስት ፓርቲ አባልን ይከለክላል፤ ነገር ግን ተገዶ ለገባ፣ ወይም አባልነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት፣ ፓርቲው አገሪቱን በአምባገነንነት ይገዛ ከነበረ ደግሞ አምስት ዓመት ላለፈው ሰው፣ ለአሜሪካ ደኅንነት ሥጋት እስካልሆነ ድረስ በሩን ይከፍታል። ኢሠፓ ከፈረሰ ከ1991 ወዲህ ስንት አምስት ዓመት አለፈ? ይህ ሰው እውነቱን ቢናገር የሚያጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቢደብቅና ቢገኝበት ግን «ፍሬ ነገርን በሐሰት አቅርቧል» ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ከእግዱ የሚያወጣው አሜሪካዊት ሚስቱ ከባድ መከራ እንደሚደርስባት አስረድቶ የሚለመን ልዩ ይቅርታ ብቻ ነው። ኃጢአቱ የሚያልፍ ሆኖ ሳለ መደበቁ የማያልፍ ሆነ።

ከባዱ የእኅታችን ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ «እውነት ተናገሪ፣ ምንም አትሆኚም» ብዬ ልሸነግላት አልችልም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ «የሽብር ድርጊት» የሚለውን ቃል እጅግ አስፍቶታል። መሣሪያ ያነሣ የሁለትና ከሁለት በላይ ሰዎች ስብስብ ሁሉ በዚህ ሊጠቃለል ይችላል። የሚዋጉት መንግሥት ግፈኛ መሆኑ ከትርጉሙ አያወጣቸውም። ለንደን ቁጭ ብሎ በየወሩ አሥር ፓውንድ ማዋጣት «ቁሳዊ ድጋፍ» ሊባል ይችላል። አንዳንድ ወገኖች «የኢትዮጵያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2011 ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን አሸባሪ ቢላቸውም በ2018 ሰርዞታል፤ ነገሩ አልቋል» ይላሉ። አላለቀም። የአሜሪካ ሕግ የሚመዝነው በራሱ ሚዛን ነው። በአዲስ አበባው መፈረጅ ብቻ ማንም አይጠፋም፤ በአዲስ አበባው መሰረዝም ብቻ ማንም አይድንም። የኔልሰን ማንዴላ ኤኤንሲ እንኳ ከዚህ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ምክር ቤቱ ለይቶ ሕግ ካወጣለት በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዚህ ሕግ ሥር ለአንዳንድ ድርጅቶች አባላትና ደጋፊዎች፣ ከኢትዮጵያ የተነሡትን ጨምሮ፣ ከእገዳው ነጻ የሚያደርግ ውሳኔ ተሰጥቷል። ይህ ነጻ መውጫ ግን የሚሠራው እውነቱን በሙሉ ለተናገረ ሰው ነው። ስለዚህ መንገዱ ከቀጠሮው በፊት ይህን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ መያዝ፣ መቼ፣ ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደተሰጠ በጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ቅጹ ላይ ስህተት ካለ ከቃለ መጠይቁ በፊት ማስተካከል ነው። ጉዳዩ ሊጓተት ይችላል፤ ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት። ይህ ዋጋ ነው። የውሸቱ ዋጋ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ያውም ዛሬ ባይጠየቅ ዜግነት ሲጠየቅ ተመልሶ ይመጣል። እንግሊዝ ለጥገኝነት የሰጠሽው ቃል አለ፤ ሁለቱ መንግሥታት መረጃ ይለዋወጣሉ። ለለንደኑ የጥገኝነት ቢሮ «ታጋይ ነኝ» ያለ አፍ ለአሜሪካው ኤምባሲ «ፖለቲካ አላውቅም» ሲል ሁለቱ ቃላት አንድ ቀን ይገናኛሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ይግባኝ የሌለው ሥልጣን

«ፖለቲካ ሆኖ አገኘሁት» ያልኩት ይህን ብቻ አይደለም። የቆንስላ ሹም ቪዛ ሲከለክል፣ ውሳኔውን ፍርድ ቤት ከሞላ ጎደል አይነካውም። ሳንድራ ሙኞዝ የተባለች የሎስ አንጀለስ ጠበቃ፣ አሜሪካዊት ዜጋ፣ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ የሆነው ባሏ ሳን ሳልቫዶር ላይ ቪዛ ተከለከለ። የወንበዴ ቡድን አባል ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፤ ንቅሳቱም በክርክሩ ተነሥቷል። ምክንያቱን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደባት። አንድ ዜጋ የውጭ አገር ባሏ ወይም ሚስቱ አገር ውስጥ እንዲገባ የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መሠረታዊ መብት የለውም ተባለ። በወንጀልና በጸጥታ ምክንያት ለሚከለከል ሰው ደግሞ ሹሙ የከለከለበትን አንቀጽ እንኳ ዘርዝሮ እንዲገልጽ ሕጉ አያስገድደውም። ለእኅታችን የምንፈራው ምክንያት ከዚሁ ከጸጥታው ክፍል መሆኑን ልብ በሉ።

ምክንያቱን የማይናገር፣ ይግባኝ የማይባልበት ሹም! ይህን ሰው የምናውቀው አይመስላችሁም? የተሰደድነው ከሱ ነበር። ልዩነት የለም አልልም፤ ሰማይና ምድር ነው። እዚህ ሕጉ የተጻፈ ነው፣ ጋዜጣው ይጮኻል፣ እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ የምክር ቤት ተወካያችሁ ቢሮ ስለ ፋይላችሁ ኤምባሲውን ይጠይቅላችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ዜጎች ግን ይህን የመጨረሻውን ዕድል ስንቶቻችሁ ተጠቅማችሁበታል? ስለ ኢትዮጵያ ሰላማዊ ሰልፍ ለመውጣት በረዶ የማይበግረን ሰዎች፣ ለገዛ ሚስታችን ለተወካያችን ቢሮ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይከብደናል። ያው የቀበሌው ፍርሃት ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ።

ዋስ ለምትሆኑ

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። አመልካቹ አሜሪካዊ አይ-864 የተባለ የዋስትና ውል ይፈርማል፤ ገቢው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 ስሌት ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ግድም ነው። እንግሊዝ ባሏን ወይም ሚስቱን ለማስመጣት ከ2024 ጀምሮ 29,000 ፓውንድ ስትጠይቅ፣ አሜሪካ በዚህ በኩል ትሻላለች። ገቢው ያልሞላ ሰው ሌላ ዋስ ይጨምራል። በኛ ማኅበረሰብ ደግሞ «እባክህ ፈርምልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ያሳፍራል። ፈርሙ፤ መረዳዳት ደግ ነው። ግን የምትፈርሙት የይሉኝታ ወረቀት አይደለም። ባልና ሚስቱ ቢፋቱ ውሉ አይፈርስም። የመጣችው ሰው ዜጋ እስክትሆን፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርላት፣ ወይም አገሩን ለቃ እስክትሄድ፣ ወይም ሞት እስኪለይ ድረስ ይጸናል። አንብባችሁ ፈርሙ።

እንግዲህ እኅቴ፣ መልሴ ይኸው ነው። ፓስፖርትሽ ለጉብኝት በር ይከፍትልሻል፤ ለኑሮ ግን አይናገርልሽም። ቀጠሮሽ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ መልስ በማጥናት አታባክኚው። ጠበቃ ፈልጊ፣ ፋይልሽን ከባለቤትሽ ጋር ገጽ በገጽ አንብቡት፣ የብዕር ስምሽን ጻፊው፣ የመዋጮሽን ታሪክ ቀንና መጠን ከነምክንያቱ አስቀምጪው። አንቺ የሠራሽው የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አገርሽ ነጻ እንድትሆን ያዋጣሽውን ገንዘብ እንደ ሌባ የምትደብቂበት ምክንያት የለም፤ ሕጉ ካልገባው ደግሞ በሕግ መከራከር ነው። ለዓመታት «የምንታገለው ሰው በባለሥልጣን ፊት ሳይፈራ እውነቱን የሚናገርባት አገር እንድትኖረን ነው» ስንል ኖረናል። ያቺን አገር እስክናያት ድረስ፣ አንደበቱን ከራሳችን እንጀምረው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቸር ይግጠመን!